የሻገተ መኖ፤ ለከበደች ከብትና ለጽንሷ የተሰወረ መርዝ

ወተት የሕፃናትና የበሽተኞች ምግብ፤ ጥጃም የነገ ላም ወይም የነገ በሬ እንደ ሆነ ማንም ያውቀዋል። ስለዚህ የከብት ጤና የባለ ከብቱ ጕዳይ ብቻ ሳይሆን ወተቱን የሚጠጣው ሕዝብ ሁሉ ጕዳይ ነው። ከብቷ የምትበላው ነገር ንጹሕ ካልሆነ፤ በማሕፀኗ ያለው ጽንስ፤ ጡቷን የሚጠባው ጥጃ፤ ከጥጃውም ተርፎ በብርጭቆ የሚቀርብለት ሕፃን ሦስቱም በአንድነት ይጐዳሉ። በዚህ ወር ጽሑፋችን የምንመለከተው፤ ብዙ ሰው እንደ ቀላል ነገር የሚቈጥረውን የሻገተ መኖና በከበዱ ከብቶች ላይ የሚያደርሰውን ጕዳት ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

በየቤቱ የሚደረገውን ልብ ብሎ የተመለከተ ሰው እንደሚያውቀው፤ እንጀራ ወይም ዳቦ ሲሻግት «ይህስ ለሰው አይሆንም፤ ለላሟ ስጧት» ማለት የተለመደ ነው። ዝናብ የመታው ድርቆሽ፤ በከረጢት ታፍኖ የከረመ ፋጉሎ፤ እርጥበት የነካው ፉርሽካ፤ ብዙ ቀን ያደረ አተላ፤ የሁሉም መጨረሻ የከብት ገንዳ ነው። እንዲህ የሚደረገው በክፋት አይደለም፤ የእግዚአብሔር ስጦታ የሆነ እህል በከንቱ እንዳይጣል ከማሰብ ነው። አሳቡ መልካም ቢሆንም መሠረቱ ግን ስሕተት ነው። ለሰው መርዝ የሆነ ሻጋታ ለከብትም መርዝ ነውና፤ ይልቁንም ለከበደችው።

ሻጋታ ምንድን ነው? መርዙስ ከየት ይመጣል?

ሻጋታ ተክልም እንስሳም ያልሆነ፤ ፈንገስ ከሚባለው ወገን የሚቈጠር ደቂቅ ፍጥረት ነው። ዘሩ እንደ አቧራ የደቀቀ ስለ ሆነ በነፋስ ይበናል፤ በአፈር፤ በገለባና በጐተራ ግድግዳ ላይ ይገኛል። ዘሩ በየቦታው ቢኖርም የሚበቅለው ግን የሚበቃውን እርጥበትና ሙቀት ሲያገኝ ነው። እህሉ በሚገባ ሳይደርቅ ወደ ጐተራ ከገባ፤ ወይም ደርቆ ከገባ በኋላ ጣራው ካፈሰሰ፤ ወይም ከረጢቱ በባዶ መሬት ላይ ተቀምጦ ከታች እርጥበት ከሳበ ሻጋታው ይነሣል። አንዳንዱ ዐይነት ደግሞ እህሉ ገና በማሳ ላይ ሳለ፤ አዝመራው በድርቅ ሲጨነቅ ወይም በአበባው ወራት ዝናብ ሲበዛበት ይገባበታል።

ሻጋታ ሁሉ መርዛም አይደለም። በ1928 አሌክሳንደር ፍሌሚንግ የተባሉት ሊቅ ፔኒሲሊን የተባለውን መድኃኒት ያገኙት ከሻጋታ ነው። ነገር ግን ከብዙዎቹ የሻጋታ ዐይነቶች አንዳንዶቹ በሚያድጉበት እህል ውስጥ መርዝ ያመነጫሉ፤ ይህም መርዝ ማይኮቶክሲን ይባላል። የሻጋታ መርዝ ከሻጋታው የተለየ ነገር መሆኑን ማስተዋል ያስፈልጋል። ሻጋታው በዐይን ይታይ ይሆናል፤ መርዙ ግን አይታይም። ሻጋታው ሞቶ ወይም ተጠርጎ ከጠፋ በኋላም መርዙ በእህሉ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ሻጋታ የማይታይበት እህል ሁሉ ከመርዝ ነጻ ነው ማለት አይቻልም፤ ሻጋታ የታየበት ግን ሁልጊዜ ሊጠረጠር ይገባዋል።

ሊቃውንት ነገሩን እንዴት እንደ ደረሱበት

የሻጋታ መርዝ የዓለምን ሊቃውንት አሳብ በብርቱ የሳበው በ1960 ነው። በዚያ ዓመት በእንግሊዝ አገር ቱርኪ ከሚባሉት ታላላቅ የቤት ወፎች ጫጩቶች ከመቶ ሺህ በላይ የሆኑት በጥቂት ወራት ውስጥ አለቁ። የሞታቸው ምክንያት ስላልታወቀ በሽታው «ኤክስ» ተብሎ ተጠራ። ተላላፊ ደዌ ይሆናል ተብሎ ቢመረመርም ጀርም አልተገኘበትም። በመጨረሻ የበሉት መኖ ሲመረመር፤ ከብራዚል የመጣ የኦቾሎኒ ፋጉሎ የተቀላቀለበት ሁኖ ተገኘ፤ ፋጉሎውም አስፐርጊለስ ፍላቩስ በሚባል ሻጋታ ተበክሎ ነበር። መርዙም ከሻጋታው ስም ተውጣጥቶ አፍላቶክሲን ተባለ። እንዲህ ያለውን ፋጉሎ የበሉ ጥጆችና አሳማዎችም በዚያው ዘመን ታመው ነበር።

በ1963 ደግሞ ከዚህ የሚበልጥ ነገር ታወቀ። መርዙን የበሉ ላሞች ወተት ለዳክዬ ጫጩቶች ሲሰጥ ጫጩቶቹ በመርዙ ተጐዱ። ይኸውም መርዙ በላሟ ሆድ ተፈጭቶ የሚጠፋ ሳይሆን፤ መልኩን ለውጦ በወተቷ የሚወጣ መሆኑን አስረዳ። በወተት ውስጥ የሚገኘው ይህ መርዝ አፍላቶክሲን ኤም 1 ተብሎ ተሰየመ። ዓለም አቀፍ የካንሰር ምርምር ድርጅትም በ1993 ባወጣው መዝገብ አፍላቶክሲንን በሰው ላይ ነቀርሳ ማምጣታቸው ከተረጋገጠ ነገሮች መካከል ቈጥሮታል።

የከበደች ከብት ስለ ምን ይበልጥ ትጐዳለች?

ላም 9 ወር ያህል፤ በግና ፍየል 5 ወር ያህል፤ አሳማ 114 ቀን ያህል ጽንሳቸውን ይሸከማሉ። ጽንስ በፍጥነት የሚያድገው በእርግዝናው ወራት መጨረሻ ሲሶ ውስጥ ነው። አስተዋይ ባለ ከብትም ይህን ስለሚያውቅ የመውለጃዋ ወራት ሲቃረብ ፋጉሎና ፉርሽካ ይጨምርላታል። ይህ የሚያስመሰግን ልማድ ነው። ነገር ግን የተጨመረላት መኖ የሻገተ እንደ ሆነ፤ ባለቤቱ ጠቀምኋት ሲል መርዙን አብዝቶ ሰጣት ማለት ነው።

መርዙ ጽንሱንና ግልገሉን የሚያገኝባቸው መንገዶች ሦስት ናቸው። አንደኛው በእናቲቱ ጕዳት በኩል ነው፤ ጉበቷ ሲታመም፤ የመብላት ፍላጎቷ ሲቀንስና ሰውነቷ ሲከሳ ጽንሱ የሚገባውን ምግብ አያገኝም። ሁለተኛው በእንግዴ ልጅ በኩል ነው፤ አንዳንዱ መርዝ ከእናት ደም ወደ ጽንሱ ደም ያልፋል። ሦስተኛው ከተወለደ በኋላ በእንገርና በወተት በኩል ነው። የላም ጥጃ በሽታን የሚከላከልበትን ኀይል በማሕፀን ሳለ አያገኝም፤ የሚያገኘው ከመጀመሪያው ወተት ማለት ከእንገሩ ነው። እናቲቱ ደክማ እንገሯ ካነሰ፤ ጥጃው ያለ ጋሻ ወደ ጦር ሜዳ እንደ ገባ ወታደር ይሆናል።

ዋና ዋናዎቹ መርዞችና ሥራቸው

አፍላቶክሲን። ይህ መርዝ በበቆሎ፤ በኦቾሎኒ፤ በጥጥ ፍሬና በልዩ ልዩ የቅባት እህል ፋጉሎ ላይ ይገኛል። በመጀመሪያ የሚያጠቃው ጉበትን ነው። መርዙ ጥቂት በጥቂት ሲበላ ከብቷ በድንገት አትወድቅም፤ ትከሳለች፤ ጠጕሯ ይገረጣል፤ ወተቷ ይቀንሳል፤ በሽታን የመቋቋም ኀይሏም ይደክማል። በአሳማዎች ላይ በተደረገ ምርመራ፤ መርዙን ከበሉ እናቶች የተወለዱ ግልገሎች ክብደታቸው አነስተኛ፤ በሽታ የመከላከል ኀይላቸውም ደካማ ሁኖ ታይቷል። ጥጃም ከትልቅ ላም ይበልጥ ይጐዳል፤ ገና ጕበቱም ጨጓራውም ያልጠነከረ ስለ ሆነ ነው።

ላም ከበላችው አፍላቶክሲን ከመቶው እጅ ከ1 እስከ 3 ያህሉ፤ ብዙ ወተት በምትሰጥ ላምም እስከ 6 ያህሉ በወተት ይወጣል። መርዙ በወተት ውስጥ መታየት የሚጀምረው መኖው ከተበላ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። የሚያጽናናው ነገር ግን፤ የተበከለው መኖ ከተቋረጠ ከ3 ወይም ከ4 ቀን በኋላ መርዙ ከወተቱ ውስጥ መጥፋቱ ነው። እንግዲህ ባለ ላሙ መኖውን ቢለውጥ የሥራውን ፍሬ በአንድ ሳምንት ውስጥ ያገኛል ማለት ነው።

አርጎት። ይህ በአጃ፤ በገብስ፤ በስንዴና በሣር ዘለላ ላይ፤ በእህሉ ፍሬ ቦታ የሚበቅል ጥቁር፤ ቀንድ የመሰለ የፈንገስ አካል ነው። በመካከለኛው ዘመን በአውሮፓ የአጃ ዳቦ የሚበሉ ብዙ ሰዎችን እጅና እግር እያበሰበሰ የቈረጠው ደዌ ከዚህ የመጣ ነበር። አርጎት የደም ሥሮችን ያጠብባል፤ ስለዚህ ደም በሚገባ የማይደርስበት የአካል ጫፍ፤ ማለት የጆሮ፤ የጅራትና የሰኰና ክፍል ይሞታል። በከበደች እንስሳ ላይ ያለው ጕዳት ደግሞ ሌላ ነው። ወተት እንዲመነጭ የሚያዝዘውን ፕሮላክቲን የተባለ የሰውነት ቅመም ስለሚያሳንስ፤ እናቲቱ ስትወልድ ጡቷ ደርቆ ይገኛል። አሳማዎች በእርግዝናቸው መጨረሻ አርጎት ከበሉ፤ ግልገሎቻቸው በሕይወት ቢወለዱም ወተት አጥተው በረኃብ ያልቃሉ። በአውስትራልያ በ1996 በማሽላ ላይ የሚወርደው የአርጎት ዐይነት ከታየ ወዲህ፤ እንዲህ ያለውን ማሽላ የበሉ እናት አሳማዎች ወተታቸው ደርቆ ግልገሎቻቸው ሞተዋል። የዚህ የማሽላ አርጎት የሳይንስ ስም በአፍሪካ የተሰየመ ስለ ሆነ፤ ማሽላ ለሚያመርት አገር ሁሉ ነገሩ ሩቅ አይደለም።

ለዚህ የቀረበ ሌላ ምሳሌ በአሜሪካ ይገኛል። በዚያ አገር ፌስኩ በሚባል ሣር ውስጥ የሚኖር ፈንገስ አርጎትን የሚመስል መርዝ ያመነጫል። ይህን ሣር የምትግጥ የከበደች ባዝራ የመውለጃዋን ቀን ታሳልፋለች፤ የእንግዴ ልጁ ይወፍራል፤ ምጡ ይከብዳል፤ ስትወልድም ወተት አይኖራትም። ስለዚህ ባለ ፈረሶቹ ባዝራይቱን ቢያንስ ከመውለጃዋ 30 ቀን አስቀድመው ከዚያ መስክ ያወጧታል።

ዜራሌኖን። ይህ ፉዛሪየም የሚባል ሻጋታ በበቆሎና በሌሎች የአገዳ እህሎች ላይ የሚያመነጨው ነው። ጠባዩ ከሌሎች መርዞች ይለያል፤ በሴት እንስሳ ሰውነት ውስጥ ያለውን ኤስትሮጅን የተባለ የእንስትነት ቅመም ይመስላል። በ1928 በአሜሪካ የሻገተ በቆሎ የበሉ ለመጠቃት ያልደረሱ እንስት አሳማዎች ብልታቸው አብጦ ታየ፤ መርዙ ራሱ ተለይቶ የታወቀው ግን በ1962 ነው። አሳማ ከእንስሳት ሁሉ ይበልጥ በዚህ መርዝ ትጐዳለች። ሳታረግዝ ያረገዘች መስላ ትቈያለች፤ ከተጠቃች በኋላ በመጀመሪያዎቹ ቀኖች መርዙን አብዝታ ከበላችም ጽንሱ በማሕፀን መያዝ ሳይችል ይጠፋል። የሚወለዱት እንስት ግልገሎችም ገና ሲወለዱ ብልታቸው ያበጠ ሊሆን ይችላል። በኒው ዚላንድም ከመጠቃታቸው በፊት ይህ መርዝ ያለበትን ሣር የጋጡ በጎች የሚወልዱት ግልገል ቍጥር ማነሱ ታውቋል።

ሻጋታው ራሱ ሲገባ። ከመርዙ ሌላ፤ ሻጋታው ራሱ በሕይወቱ ወደ ማሕፀን ገብቶ ውርጃ የሚያመጣበት ጊዜ አለ። አስፐርጊለስ ፉሚጋተስ የሚባለው ሻጋታ በተበላሸ ድርቆሽ ላይ ይበዛል። ዘሩ በትንፋሽ ወይም በምግብ ገብቶ በደም አማካይነት ወደ እንግዴ ልጅ ይደርሳል። ላሟም በእርግዝናዋ መጨረሻ ወራት ትጨነግፋለች፤ የእንግዴ ልጁም ወፍሮ የደረቀ ቈዳ ይመስላል። ይህን ድርቆሽ የሚያራግፍ ሰውም ብናኙ ሳንባውን ስለሚጐዳው አፉንና አፍንጫውን በጨርቅ መሸፈን ይገባዋል።

በአገራችን የታየው

አንባቢዎች ይህ ሁሉ የሌላ አገር ታሪክ ነው እንዳይሉ፤ በአገራችን የተደረገውን ምርመራ መጥቀስ ያስፈልጋል። በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ካሉት የወተት ላም አርቢዎችና ነጋዴዎች የተወሰደ ወተትና መኖ ተመርምሮ ውጤቱ በ2016 ታትሞ ወጥቷል። የተመረመረው ወተት 110 ናሙና ሲሆን በሁሉም ውስጥ አፍላቶክሲን ኤም 1 ተገኝቷል። የአውሮፓ ኅብረት ለወተት የወሰነው መጠን 0.05 ማይክሮግራም ነው፤ ማይክሮግራም ማለት አንድ ግራም ለአንድ ሚሊዮን ሲከፈል የሚገኘው ነው። ከዚህ መጠን ያላለፉት 9 ናሙናዎች ብቻ ነበሩ። አሜሪካኖች የወሰኑት ከዚህ አሥር እጥፍ የሚበልጥ፤ ማለት 0.5 ማይክሮግራም ነው፤ ይህንንም እንኳ ያለፉት 29 ናሙናዎች ነበሩ። ከሁሉ የበዛው በአንድ ሊትር 4.98 ማይክሮግራም ሁኖ ተገኝቷል።

መኖውም ሲመረመር እንዲሁ ነበር። 156ቱ የመኖ ናሙናዎች ሁሉ አፍላቶክሲን የነበረባቸው ሲሆን፤ መጠኑ በአንድ ኪሎ ግራም ከ7 እስከ 419 ማይክሮግራም ደርሷል። 41ዱ ናሙናዎች ከ100 ማይክሮግራም በላይ ነበሩ። በምርመራው የወተቱ መበከል በተለይ ከኑግ ፋጉሎ ጋር የተያያዘ ሁኖ ታይቷል። ይህ የሆነው ኑግ በባሕርዩ ክፉ ስለ ሆነ አይደለም፤ የኑግ ፋጉሎ ለላም እጅግ የሚጠቅም ገንቢ ምግብ ነው። ክፋቱ የሚመጣው ፍሬውና ፋጉሎው በእርጥበት ሲከርሙ ነው። ይህን ቍጥር የምንጠቅሰው ሕዝቡ ወተት እንዲተው አይደለም፤ ወተት ለሕፃናት ያለው ጥቅም የታወቀ ነው። የምንጠቅሰው የወተቱ ንጽሕና ከጥገቷ ገንዳ እንደሚጀምር ለማስረዳት ነው።

አርጎትም በአገራችን ታይቷል። በ1977 እና በ1978 በወሎ፤ በ2001 ደግሞ በአርሲ፤ በአርጎት የተበከለ እህል የበሉ ሰዎች እጅና እግራቸው ደርቆ እየሞተ ተሠቃይተዋል። በወሎ መርዙ የተገኘው ከእህሉ ጋር ተቀላቅሎ በበቀለው ሲናር ላይ ነበር፤ በአርሲም በገብስ ውስጥ ነበር። ከገበሬው ማዕድ የደረሰ መርዝ፤ ብጣሪውንና ግርዱን ለሚበሉት ከብቶቹ እንደማይቀርላቸው ግልጽ ነው። ግርድ ሲበጠር ጥቁሩ ፍሬ የሚሰበሰበው ከግርዱ ጋር ነውና።

ሰዎች የሚሳሳቱባቸው ነገሮች

«ከብት ሆዷ አራት ክፍል ስላለው ሁሉን ይፈጨዋል» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ በላም የመጀመሪያ ጨጓራ ውስጥ ያሉት ደቂቃን አንዳንዱን የሻጋታ መርዝ ይሰብሩታል። አፍላቶክሲንን ግን አይችሉትም፤ ወተቱ ውስጥ መገኘቱም ለዚህ ምስክር ነው። ጨጓራው ገና ያልጐለመሰ ጥጃ ደግሞ ይህም ጥቂት መከላከያ የለውም።

«ሻጋታውን ጠርጌ፤ በፀሐይ አስጥቼ እሰጣታለሁ» የሚሉም አሉ። ፀሐይ እርጥበቱን አድርቃ ሻጋታው ወደ ፊት እንዳያድግ ትከለክላለች፤ አስቀድሞ የገባውን መርዝ ግን አታወጣውም። «አፈላዋለሁ» ለሚሉትም መልሱ ይኸው ነው። አፍላቶክሲን ውሃ በሚፈላበት ሙቀት አይጠፋም። ወተትን ማፍላት የሳንባ ነቀርሳንና ሌሎችን ጀርሞች ስለሚገድል ምንጊዜም ሊቀር የማይገባው ልማድ ነው፤ አፍላቶክሲንን ግን ከወተት አያስወጣም። ስለዚህ መከላከያው ያለው በምድጃው ላይ ሳይሆን በጐተራው ነው።

«ከጥሩ መኖ ጋር ብቀላቅለው ይሳሳል» ማለትም አያዋጣም። የሚደረገው ነገር መርዙን መቀነስ ሳይሆን ጥሩውን መኖ ማበላሸት ነው፤ ሻጋታውም እርጥበት ካገኘ ወደ ጤነኛው ይዛመታል።

ምን ማድረግ ይገባል?

1ኛ/ እህልና ድርቆሽ ከመከማቸቱ በፊት በሚገባ ይድረቅ። በቆሎ ሲከማች እርጥበቱ ከመቶው ከ13 ወይም ከ14 እጅ፤ ኦቾሎኒም ከ7 ወይም ከ8 እጅ መብለጥ የለበትም። ሲሰጣ በሸራ ወይም በሰሌን ላይ እንጂ በባዶ አፈር ላይ አይሁን፤ የሻጋታው ዘር በአፈር ውስጥ ይኖራልና።

2ኛ/ የመኖ ከረጢት በእንጨት ርብራብ ላይ፤ ከግድግዳም ፈቀቅ ተደርጎ ይቀመጥ። ጣራው ከክረምት በፊት ይታይ። የድሮው መኖ ሳያልቅ አዲሱ በላዩ አይጫን፤ አስቀድሞ የገባው አስቀድሞ ይውጣ። ለብዙ ወራት የሚቈይ እህል አየር በማያስገባ ድርብ ከረጢት ቢቀመጥ ነቀዙም ሻጋታውም ይቀንሳል፤ እርጥብ እህል ግን በዚህ ከረጢት ውስጥ መክተት አይገባም።

3ኛ/ ፋጉሎ ለአንድ ወር ከሚበቃው በላይ፤ በተለይም በክረምት፤ ገዝቶ አለማከማቸት ይሻላል። ሲገዛም ተሰብሮ ይታይ፤ የታመቀ ሽታ ያለው፤ በውስጡ ነጭ፤ አረንጓዴ ወይም ጥቁር ድር ያለበት አይገዛ። አተላ በተገኘበት ቀን ወይም በማግሥቱ ይሰጥ፤ ገንዳውም በየቀኑ ይታጠብ።

4ኛ/ ገብስና ስንዴ ውስጥ ጥቁር ቀንድ የመሰለ ፍሬ ከታየ ተለቅሞ ይውጣ። ለዘር የሚሆነው እህል ብዙ ጨው በተበጠበጠበት ውሃ ውስጥ ቢጨመር አርጎቱ ይንሳፈፋል፤ ተገፎም ይጣላል። የተለቀመው ይቃጠል ወይም በጥልቅ ይቀበር እንጂ ለዶሮም ለከብትም አይሰጥ።

5ኛ/ የሻገተ መኖ ለማንም ከብት መስጠት አይገባም፤ ከሁሉ በፊት ግን ለከበደች፤ ለምታጠባና ለጥጃ ፈጽሞ አይሰጥ። መኖው አጠራጣሪ መሆኑ ከታወቀ ወዲያው ይለወጥ። በአንዳንድ አገር ቤንቶናይት የሚባል የሸክላ አፈር ዐይነት ከመኖ ጋር ይቀላቀላል፤ አፍላቶክሲንን በሆድ ውስጥ ይዞ ያስወጣል። ይሁን እንጂ ሌሎችን መርዞች እንዲሁ አይዝምና፤ የእንስሳት ሐኪም ሳይመክር የሚደረግ ወይም ንጹሕ መኖን የሚተካ ነገር አይደለም።

6ኛ/ ላም ስትጨነግፍ ምክንያቱ ሁልጊዜ ሻጋታ ነው ብሎ መደምደም አይገባም። ብሩሴላ የሚባለው የውርጃ በሽታ ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፍ ስለ ሆነ፤ የወረደውን ጽንስና የእንግዴ ልጁን በባዶ እጅ መንካት፤ ለውሻም መጣል አደገኛ ነው። የእንስሳት ሐኪም እንዲመለከተው ይጠራ፤ ከዚያም በጥልቅ ይቀበር ወይም ይቃጠል። ከብቷ ስትበላው ከነበረው መኖም ጥቂት ያህል በወረቀት ከረጢት ተደርጎ ለምርመራ ይቀመጥ። ብዙ ጊዜ ሐኪሙ ምክንያቱን ማወቅ የሚሳነው፤ እርሱ እስኪደርስ መኖው ሁሉ ስለሚያልቅ ወይም ስለሚጣል ነው።

ለአስተማሪዎች

አስተማሪዎች ይህን ትምህርት ያለ ብዙ ወጪ በክፍል ውስጥ ሊያሳዩት ይችላሉ። ደረቅ የብርጭቆ ጠርሙስ ተወስዶ እስከ ሲሶው እህል ይጨመርበት። በምጣድ ላይ በሚገባ የደረቀ ጨው ሁለት ወይም ሦስት የሾርባ ማንኪያ ያህል ይታከልና ተከድኖ ለአንድ ደቂቃ ይናጥ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ከተገኘ፤ እህሉ ከመቶው ከ15 እጅ በላይ እርጥበት አለው ማለት ስለ ሆነ ለጐተራ አልደረሰም። ጨው ካልተጣበቀ ግን እርጥበቱ ከዚያ በታች ነው። ተማሪዎች ከየቤታቸው አንድ እፍኝ እህል አምጥተው ይህን ቢሞክሩ፤ ትምህርቱ በዚያው ቀን ወደየቤታቸው ይገባል።

ሁለተኛው ሙከራ ደግሞ ይህ ነው። ሁለት ቍራሽ ዳቦ በሁለት ጠርሙስ ይደረግ፤ አንደኛው በፀሐይ የደረቀ፤ ሁለተኛው ጥቂት ውሃ የተረጨበት ይሁን። ሁለቱም ተከድነው ለአንድ ሳምንት ይቈዩ። ልጆቹ እርጥቡ ሲሻግት፤ ደረቁ ግን እንደ ነበረ ሲቈይ በዐይናቸው ያያሉ። ሻጋታው እንዳይበንና ማንም እንዳያሸተው ጠርሙሱ ሳይከፈት ይቀበር።

ማጠቃለያ

«መኖው ተወዷል፤ የሻገተውን ከጣልሁ ላሜ ምን ትበላለች?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ይኖራል። ጥያቄው የእውነት ነው፤ ድኻ ባለ ከብት አንድ ከረጢት ፋጉሎ መጣል ቀላል እንዳልሆነ እናውቃለን። ነገር ግን ሒሳቡን አስተካክሎ ማየት ያስፈልጋል። በአንድ ወገን የአንድ ከረጢት ዋጋ አለ፤ በሌላው ወገን 9 ወር የተደከመበት ጥጃ፤ የሚቀጥለው ዓመት ወተት፤ የላሟ ጤናና የልጆች ጤና አለ። ጨንግፋ ወተት ያጣችን ላም ይዞ መኖር «ላም አለኝ በሰማይ፤ ወተቷንም አላይ» እንደ ተባለው መሆን ነው።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ከረጢቱ ለመጣል እንዳይደርስ አስቀድሞ መጠንቀቅ ነው። የጣራ ቀዳዳ መድፈን፤ ሁለት እንጨት ከከረጢት በታች ማጋደም፤ እህልን አንድ ሁለት ቀን ጨምሮ ማስጣት፤ ከጥቂት ጕልበት በቀር የሚያስወጡት ነገር የለም። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነው። የተከበራችሁ አስተማሪዎችና የከተማ ነዋሪዎች፤ ይህን ጽሑፍ ያነበባችሁ ሁሉ ማንበብ ለማይችለው ጎረቤታችሁ፤ ወተት ለምታመጣላችሁም ሴት ብታስረዱ፤ የከበደችው ላም በሰላም ትወልዳለች፤ ጥጃው ይጠነክራል፤ ለልጆቻችሁ የሚቀርበውም ወተት ከመርዝ የራቀ ይሆናል።